ጨረሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሳምንት

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የጨረር ሕክምና ክፍሉ ኮሪደር ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ኮት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ አባቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ሁሉም እጅ ላይ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ አለች። አንዱ ቀስ እያሉ ይጎነጫሉ፤ ሌላው ጨርሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጥግ ላይ የተቀመጡት አባት ብድግ አሉና ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ሦስት ርምጃ ሄደው ተመለሱ። መሽናት ክልክል ነው። ፊኛቸውን ሞልተው፣ አንጀታቸውን ባዶ አድርገው፣ ስማቸው እስኪጠራ መቻል አለባቸው። ከሸኑማ እንደገና ጠጥተው፣ ተራ አሳልፈው፣ እንደገና መጠበቅ ነው።

ቅጣት ቢመስልም ምክንያት አለው። የሚታከሙት ለፕሮስቴት ካንሰር ነው። ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ ነው፤ በጤናማ ሰው ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም። መጥፎነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከላዩ የሽንት ፊኛ አለ። ከኋላው የደንዳኔው መጨረሻ፣ ሰገራ የሚጠራቀምበት ክፍል፣ ተጠግቶታል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። የሽንት ቱቦው ደግሞ መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ያልፋል። ፊኛው በውሃ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሳል፤ ያኔ አብዛኛው የፊኛ ክፍልና ቀጭኑ አንጀት ከጨረሩ መንገድ ይርቃሉ። ደንዳኔው በሰገራ ወይም በአየር ከተነፋ ግን ፕሮስቴቱን ወደፊት ይገፋዋል፤ ጨረሩም የታቀደለትን ቦታ ሊስት ይችላል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በሲቲ ስካን የተነሳው ምስልና የየቀኑ አተኛኘት እንዲገጥም ነው ሆዳቸውና ዳሌያቸው ላይ ጥቃቅን ነጥቦች በመርፌ የሚነቀሱት፤ ውሃውም የሚለካው ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግም ጥቂት ጨረር ለፕሮስቴት ጎረቤቶች መድረሱ አይቀርም። የጎንዮሽ ጉዳት የሚባለው ባብዛኛው የእነሱ ምላሽ ነው።

ሰው ስለዚህ ነገር ሲጠይቅ «ምን ያመጣል?» ይላል። የሚያመጣውን መናገር አይከብድም፤ ዝርዝሩ የታወቀ ነው። ብዙ አባቶችን ጉድ የሚሠራው ግን «መቼ?» የሚለው ነው። ጨረር በሰው አካል ውስጥ የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። ሲጠብቁት አይመጣም፤ አለፈልኝ ሲሉ ይመጣል።

የአባቴን ታናሽ ወንድም ከደብረ ማርቆስ አምጥተን ያሳከምን ጊዜ ይህን በቅርብ አይቻለሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰው ሲወጡ ከክፍሉ በር ላይ ቆም አሉና «ይኼው ነው እንዴ? እንደ ፎቶ እኮ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ታካሚው ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ይተኛል፣ ባለሙያዋ ነጥቦቹን ታስተካክላለች፣ ወጥታ በሩን ትዘጋለች፣ ማሽኑ በዙሪያው ይሽከረከራል። ሕመም የለም፣ ሙቀት የለም፣ ሽታ የለም። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ አለፈ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ጋሼ ማታ ማታ ወደ ቤት እየደወሉ ምንም እንዳልሆኑ ለልጆቻቸው ያበሥሩ ነበር። እንዲያውም ጥርጣሬ ገባቸው፤ «ምንም የማያም መድኃኒት ይሠራል ብለህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሳይታወቃቸው ሥራው እየተሠራ ነው። ጨረር ሕዋስን ወዲያው የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚሰብረው በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ ነው። ዲኤንኤው የተሰበረ ሕዋስ ለጊዜው ሥራውን እየሠራ ሊከርም ይችላል፤ የሚሞተው ለመባዛት ሲሞክር ነው። ሙሉው የጨረር መጠን በአንድ ቀን የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በየዙሩ በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ጤነኛው ሕዋስ እስከ ነገ ራሱን ይጠግናል፤ ለጥገና ደካማ የሆነው የካንሰር ሕዋስ ግን ስብራቱ እየተጠራቀመበት ይሄዳል።

ጤነኛውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። የደንዳኔው ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚረግፍና የሚታደስ ነው። ከሥሩ ያሉ እናት ሕዋሳት ሳያቋርጡ አዲስ ሽፋን ይወልዳሉ። ጨረሩ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው። ላዩ ላይ ያለው አሮጌ ሽፋን ዕድሜውን እስኪጨርስ ድረስ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ያ ሲረግፍ ተተኪው አንሶ ይገኛል፤ ግድግዳው ይሳሳል፣ ይቆጣል፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል። በሽንት ቱቦውና በፊኛው አፍ አካባቢ ደግሞ ብግነትና እብጠት ይፈጠራል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ለውጡን የሚያዩት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ጉዳቱ የተጠራቀመ ስለሆነ ማሽኑ በቆመበት ቀን አብሮ አይቆምም። ብዙ ጊዜ የሚብሰው በመጨረሻዎቹ ቀናትና ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ የተረፉት እናት ሕዋሳት ተባዝተው ግድግዳውን ይሞላሉ፤ ሰውየውም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ሳምንት

መጀመሪያ የሚናገረው ሽንት ነው። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲመጣም ያጣድፋል። ሲወጣ ያቃጥላል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ይቆራረጣል፣ ከጨረሱ በኋላም ያላለቀ ይመስላል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ችግሩ ይህን ሁሉ ለማን ይነግሩታል ነው።

ጋሼ በየሳምንቱ ሐኪም ያያቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የገባነው ልጃቸው የምትሆን ወጣት ሐኪም ዘንድ ነው።

«አባቴ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

«ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?»

«አይ፣ ምንም አይል።»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ጣልቃ ገቡ። «ምን ደኅና ናቸው! ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፍቱ ሲዘጉ ነው የሚያድሩት። ውሃውንም ትተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጠብታ አይቀምሱም።»

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቀቻቸው። ያን ቀን በየክሊኒኩ ስንት አባት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያመለጠ እንደሆነ አሰብኩ። ምስጋናው ጥሩ ነው፤ ለሐኪም ግን መልስ አይሆንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የሽንት ምርመራ ታዘዘ። ኢንፌክሽን አልተገኘም፤ ጨረሩ ያመጣው ብግነት ነው። ይህች ምርመራ ቀላል ብትሆንም ዋጋ አላት። በእኛ አገር ሽንት ሲያቃጥል «ብርድ መታኝ» ተብሎ በቀጥታ ወደ ፋርማሲ ተኪዶ ሲፕሮ ይገዛል። ኢንፌክሽን ከሌለ ሲፕሮው የሚፈይደው የለም፤ ካለም ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለጋሼ የታዘዘላቸው ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ነው፤ በፕሮስቴቱና በፊኛው አፍ ያለውን ጡንቻ ያላላና ሽንቱ እንዲወርድ ያግዛል። የደም ግፊትን ሊያወርድ ስለሚችል ከአልጋ ሲነሱ ቀስ እንዲሉ ተነገራቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ የሌሊቱ መመላለስ ቀለል አለ።

ውሃ መተዋቸው ግን ከመድኃኒቱ በላይ አነጋገረ። ሽንት ያስቸገረው ሰው ውሃ ቢቀንስ የሚሻለው ይመስለዋል፤ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ውሃ ያነሰው ሽንት ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ የቆሰለውን ቱቦ የበለጠ ይለበልባል። ቀኑን በደንብ መጠጣት፣ ከእራት በኋላ ቀነስ ማድረግ ነው የሚመከረው። የሚቀነሰው ሌላ ነገር አለ፤ ቡና። ካፌይን ፊኛን ያነሳሳል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ለሌላ መተው ለአንዳንዱ ከሕመሙ የባሰ ቅጣት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጋሼ ራሳቸው ስኒዋን ይዘው በማሽተት ይጽናኑ ነበር። ጥቁር ሻይም ካፌይን አለው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ቢቀሩ የሚጎዳ ሰው የለም።

የአንጀቱ ነገር ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። ሰገራው ይላላል፣ በቀን የሚኬድበት ጊዜ ይበዛል፣ ጋዝ ያስቸግራል። አንዳንዱ ሰው ሂድ ሂድ ይለዋል፤ ሲቀመጥ ያስምጠዋል፣ የሚወጣው ግን ንፍጥ የመሰለ ነገር ወይም ጠብታ ደም ነው። ኪንታሮት የነበረበት ሰው ይነሳበታል። እዚህም ላይ አገርኛ ወጥመድ አለ፤ ሆድ በተበላሸ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ። እውነትም አሜባ ወይም ጃርዲያ ሊሆን ይችላል፤ የሰገራ ምርመራ ይለየዋል። ጨረሩ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ሎፔራማይድ ለብዙዎች ይበቃል፣ መቀመጫው ለቆሰለ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስታግሳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አዋሕዶ መዋጥ ለተቆጣ አንጀት ተጨማሪ ማቃጠያ ነው። ባህላዊ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቢያንስ ለሐኪሙ ይንገር።

ምግቡ ላይ የውጭ አገር መመሪያ እንዳለ ቢነበብልን አይጠቅመንም። ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ቀንሱ ይላል፤ የእኛ የጾም ገበታ ደግሞ ከሽሮ፣ ከክክ፣ ከምስርና ከጎመን ሌላ ምን አለው? ሽሮ ጋዝ ያበዛል፤ ጋዙ ደንዳኔውን ይነፋል፤ የተነፋ ደንዳኔ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ፕሮስቴቱን ከቦታው ያንቀሳቅሳል። ተቅማጡ በበረታበት ሰሞን ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ድንች፣ ሙዝ ይሻላሉ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ይቆዩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አባት የጠዋቱን ግማሽ ሊትር ውሃ እንዴት ያድርገው? ይህን ለንስሐ አባቱ ቢያማክር መልስ ያገኛል፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መፍትሔ አላት። በረመዳንም ያው ነው፤ በሽተኛ ሰው አፍጥሮ ሲድን ቀዳ እንዲያወጣ ሸሪዓው ይፈቅዳል። ለሃይማኖት መሪዎች አንድ ቃል የሚነግር ሐኪም ቢኖር ኖሮ ውሃ ሳይጠጡ መጥተው ቀጠሯቸው የሚስተጓጎል ሰዎች ቁጥር ይቀንስ ነበር።

ስለ ሃይማኖት ካነሳን የንጽሕናውም ጉዳይ ዝም የሚባል አይደለም። ሽንት ያመለጠው ሰው ቤተ መቅደስ መግባት ይከብደዋል። ጋሼ እነዚያን ሳምንታት ቅዳሴውን ያስቀደሱት ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ሆነው ነው፤ አንድም መጸዳጃው ስለሚቀርብ፣ አንድም ልባቸው ስላልፈቀደ። ለሙስሊሙም ውዱ በየደቂቃው የሚፈርስ ከሆነ ሶላቱ ያሳስበዋል፤ ሽንቱ ለማያቋርጥለት ሰው ግን የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱ አድርጎ መስገድ እንደሚበቃው የፊቅህ ሊቃውንት ጥንት ተናግረውበታል። ሽማግሌው ሰውነቱን የሚጠላው ከሕመሙ ይልቅ በዚህ የተነሳ ከሆነ፣ የፓድና የቅያሪ ሱሪ ነገር ማንም ሳይሸማቀቅ የሚነጋገርበት ጉዳይ መሆን ነበረበት።

ድካሙ ሌላ ነው። እንቅልፍ የማይመልሰው፣ ከሰዓት በኋላ እግር የሚያስር ድካም ነው። መተኛት ብቻውን አያስወግደውም፤ በየቀኑ ትንሽ በእግር መንቀሳቀስ የተሻለ ያግዛል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ከጨረሩ ጋር የወንድ ሆርሞንን የሚያፍን መርፌም ይወጋሉ፤ የፕሮስቴት ካንሰር የሚመገበው ከዚያ ሆርሞን ነውና። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለው ሐኪም ይህን በማግኘቱ በ1966 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። መርፌው የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ ድንገት የሚነሳ ሙቀት፣ ላብ፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት። ከቆላ የመጣ ሰው «ወባዬ ተነሳብኝ» ሊል ይችላል። ጨረሩና መርፌው የሚያመጡትን ለይቶ የሚያስረዳው ካላገኘ ሁሉንም በጨረሩ ያሳብባል።

ስለ ወሲብ በአጭሩ፦ በሕክምናው ሰሞን ዘር ሲወጣ ሊያም ይችላል፣ መጠኑም ይቀንሳል። የብልት አለመቆም በጨረር የተነሳ ሲመጣ ባብዛኛው ዘግይቶ፣ በወራትና በዓመታት ነው። ይህም ለሐኪም የሚነገር ነው፤ መድኃኒት አለው።

ሁለት የማይሆኑ ነገሮችም አሉ። የራስ ፀጉር አይረግፍም፤ ጨረሩ የሚደርስበት የብልት አካባቢ ፀጉር ሊሳሳ ይችላል እንጂ። ከውጭ በማሽን ጨረር የተሰጠው ሰውም ጨረር ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም። በአንድ ቤት ውስጥ ለአያት ብርጭቆ ተለይቶ፣ የልጅ ልጆች ከጭናቸው እንዲርቁ ተነግሯቸው አይቻለሁ። በደግ ልብ የተደረገ ቢሆንም በሽተኛውን ከቤተሰቡ የሚያገል ግፍ ነው። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ጨረር አመንጪ ፍሬዎች ፕሮስቴታቸው ውስጥ ለተቀበሩላቸው ሰዎች ነው፤ ያ ሌላ ዓይነት ሕክምና ነው።

ሃያ ወይስ ሠላሳ ሰባት

ለረጅም ጊዜ የፕሮስቴት ጨረር ሰባትና ስምንት ሳምንት የሚወስድ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ማንዴላ፣ በሐምሌ 2001 እ.ኤ.አ. በ83 ዓመታቸው ፕሮስቴታቸው ላይ ካንሰር ሲገኝ የታዘዘላቸው የሰባት ሳምንት ጨረር ነው። ዜናው ሳይደበቅ ለሕዝብ ተነገረ። ለአንድ አፍሪካዊ ሽማግሌ፣ ያውም ለአገር አባት፣ ስለዚያ የሰውነት ክፍል በአደባባይ መነገሩ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ለሞት ያበቃቸው ሕመም የሳንባ ኢንፌክሽን መሆኑ ተገልጿል።

ዛሬ በብዙ ቦታ ጊዜው አጥሯል። ቺፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ ጥናት 3,216 ወንዶችን አሳትፎ 74 ግሬይ በ37 ዙር የሚሰጠውን የቀድሞ ልማድ 60 ግሬይ በ20 ዙር ከሚሰጠው ጋር አነጻጽሯል፤ ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት አጭሩ ካንሰሩን በመቆጣጠር ከረጅሙ እንደማያንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ትክክለኛነት በአምስት ዙር ብቻ የሚሰጥም መጥቷል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ አልጋ ተከራይቶ ለሚታከም ሰው ከሰባት ሳምንት ወደ አራት መውረድ ማለት የኪራይና የምግብ ወጪ መቀነስ ነው፤ ወረፋ ለሚጠብቀው ደግሞ ማሽኑ ቶሎ ይደርሰዋል።

ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ የሆነ ቁጥር አለ። በሕክምናው ሰሞን ከበድ ያለ የአንጀት ችግር የገጠማቸው በ37 ዙር ከታከሙት 25 በመቶ ሲሆኑ በ20 ዙር ከታከሙት 38 በመቶ ናቸው። በሽንት በኩል ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ 46 እና 49 በመቶ። በረጅሙ ሕክምና ችግሩ ጣሪያ የነካው በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ሲሆን በአጭሩ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ነው። በ18ኛው ሳምንት ሁለቱም ቡድኖች ተመሳሰሉ። እንግዲህ 20 ዙር በሳምንት አምስት ቀን ሲሰጥ አራት ሳምንት ነው። ስለዚህ በጣም የከፋው ሳምንት የሚመጣው ሰውየው ሐኪሞቹን ተሰናብቶ፣ ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ በሚገባበት ሰሞን ነው።

ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመጨረሻው ዙር ዓርብ አለቀ፤ ባለሙያዎቹ አጨበጨቡላቸው፣ እሳቸውም መረቋቸው። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ነበርን። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሃል ዓባይ በረሃ አለ። ሽንት እንዳያስቸግራቸው ከማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ፍቼ ሳይደርሱ ረዳቱን ጠሩ። አውቶቡሱ ቆመ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆመ። ቁልቁለቱ ላይ ሲጠሩ ሾፌሩ «አባቴ፣ እዚህ ጠመዝማዛ ላይ አይቻልም» አላቸው። ሌላው ሕዝብ ምንም አላለም፤ አንዲት ሴት እንዲያውም የራሷን ሃይላንድ ባዶ አድርጋ ሰጠቻቸው። ለእሳቸው ግን የሕዝቡ ዝምታ ከስድብ ይከፋ ነበር። ቤት ገብተው ሁለት ቀን ከመኝታቸው አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ሕክምናው አልያዘልኝም። ስሄድ ምንም ያልነበረኝ ሰውዬ፣ ሲያልቅ ነው የታመምኩት።»

ያን የስልክ ቃል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የተናገሩት ስሕተት ቢሆንም እሳቸው ካሉበት ሲታይ ፍጹም ምክንያታዊ ነው። በወባ፣ በሳንባ ምች፣ በቁስል የለመድነው ሕክምና ሲጀመር ታምሞ ሲጨረስ መዳን ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ ይህን ካልተነገረው ታካሚ ሌላ ምን ይደምድም? አንዳንዱ ከዚህም ቀድሞ፣ በአሥረኛው በአሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ፣ «ጨረሩ ገደለኝ» ብሎ ይቀራል። ያኔ የታቀደው መጠን ይጎድላል፤ የጎንዮሹን ጉዳት ቀምሶ ጥቅሙን ሳያገኝ ይቀራል።

ሐኪሟ በስልክ ያለቻቸው አጭር ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ውሃ ይጠጡ፣ መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እንዳለችውም ሆነ። ገበሬዎቹ ማጨድ ሲጀምሩ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቆመው አስቀደሱ።

ሁሉም ነገር የሚጠበቅ ነው ማለት ግን አይደለም። ሽንት ጭራሽ እምቢ ብሎ ሆድ ሲወጠር ያው ቀን ሆስፒታል ሄዶ ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ነገ የሚባል አይደለም። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የረጋ ደም ያለበት ሽንት፣ ብዙ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ራስ የሚያዞር ተቅማጥም እንደዚሁ። ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ደንዳኔው ሊደማ ወይም ፊኛው ሊቆጣ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ ይህ ከአሁኑ የተለየ፣ የደም ሥሮች መጎዳት የሚያመጣው ነው። በ1,643 ወንዶች ላይ የተደረገው ፕሮቴክት የተባለው የእንግሊዝ ጥናት በጨረር የታከሙት የአንጀት ችግር በስድስተኛው ወር ገደማ ብሶ ከዚያ ባብዛኛው እንደተሻሻለ ያሳያል። በቀዶ ሕክምና ፕሮስቴታቸው ከወጣላቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ ሽንት የማምለጥ ችግራቸው በጣም ያነሰ ነበር። ያለ ጣጣ የሚታከም የለም፤ ጣጣው ይለያያል እንጂ።

መሣሪያውም ልዩነት ያመጣል። አገራችን ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የጨረር ሕክምና የነበራት በጥቁር አንበሳ ብቻ፣ ያውም በኮባልት ማሽን ነበር። ኮባልት-60 በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ሲያረጅ ያንኑ መጠን ለማግኘት ታካሚው በእጥፍ ደቂቃ ይተኛል፤ ፊኛውን ሞልቶ መሆኑን አንርሳ። የጨረሩ ጠርዝም እንደ አዲሶቹ የጠራ አይደለም፤ ለጎረቤት የሚተርፈው ይበዛል። አሁን ሊኒያር አክሰለሬተር የሚባለው ማሽን አዲስ አበባ ገብቷል፣ ጅማም አለ። ጨረሩን በፕሮስቴቱ ቅርጽ ልክ ማበጀት የሚችል በመሆኑ ደንዳኔውን ይታደጋል። ማሽን ግን ይበላሻል፣ መብራትም ይጠፋል። ጋሼ ተራቸው ደርሶ ማሽኑ የቆመ ቀን፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙበትን ሁኔታ የስንት ሚሊዮን ዶላር ግዢ ዜና አይነግረንም። ከማሽኑ ክፍል አጠገብ በቂ መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ ካለቀ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት አንድ ነርስ እንድትደውል ማድረግ ዶላር አይጠይቅም። ለእኔ እነዚህ የሕክምናው አካል እንጂ መስተንግዶ አይደሉም።

አባትዎን ወይም አጎትዎን ለጨረር የሚያመላልሱ ከሆነ፣ የመጨረሻው ዙር ሳይደርስ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ይግቡ። የከፋው ሳምንት መቼ እንደሚሆን፣ ለሽንቱና ለአንጀቱ የትኛውን መድኃኒት ይዘው እንደሚሄዱ፣ ሌሊት ቢብስ ለማን እንደሚደወል ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ። ሽማግሌው «ደኅና ነኝ» ቢሉ የሌሊቱን የሚያውቁትን ይጠይቁ። የአውቶቡስ ትኬቱንም ሕክምናው ባለቀ ማግሥት አይቁረጡላቸው።